አምስት ፀሐይ

ስሜ ሠርካለም ነው። ደብረ ታቦር ውስጥ፣ ከባጃጅ ተራው ፊት ለፊት ባለች ጠባብ የስልክ ሱቅ ተቀጥሬ መሥራት ከጀመርኩ አምስት ዓመት አልፎኛል። የተሰበረ መስታወት እቀይራለሁ፤ ፎቶ ከአሮጌ ስልክ ወደ አዲስ አሻግራለሁ፤ አልሰማ ያለ ስልክ አሰማለሁ። ይህን የምነግራችሁ ግን ስለ ሙያዬ ላወራ አይደለም። በአንዲት ደቂቃ ችኮላ በማላውቀው መንደር ላይ ስላደረስኩት ጥፋት፣ ጥፋቴንም ካወቅሁ በኋላ ስለኖርኩበት ዝምታ ልናዘዝ ነው። ዝምታው ከችኮላው ይብሳል። ለምን እንደሚብስ ስትጨርሱት እናንተው ትፈርዳላችሁ።

ነገሩ የተጀመረው በጥቅምት መጨረሻ፣ አንድ ቅዳሜ ነው። ቅዳሜ ገበያ ስለሆነ ሱቃችን ከጠዋት ጀምሮ ሰው ይጋፋበታል። ከሰዓት በኋላ ዕድሜያቸው ስድሳን የተጠጋ፣ ቀጠን ያሉ ገበሬ ገቡ። ባዩ ይባላሉ። መንደራቸው ከገሳይ ወጣ ብሎ፣ ወደ ጉና ተራራ አቅጣጫ ነው። በመሐረብ የተጠቀለለ ስልክ ከደረት ኪሳቸው አወጡና በሁለት እጃቸው ሰጡኝ።

"ልጄ ናት የሰደደችልኝ" አሉ። "አዲስ አበባ ነው የምትኖር። ይኼን እሷ ስትይዘው የኖረችው ነው፤ ሌላ ስትገዛ ለእኔ ላከችው።"

"ደህና ስልክ ነው አባባ። ምን ልሥራልዎ?"

"ያ የሰማዩን ነገር የሚያሳየው አለ አይደል? ሰው ስልክ ላይ አይቼዋለሁ። ገና ሲከፈት ፀሐዩም ዝናሙም በሥዕል ይወጣል። አዝመራው ደርሶብናል። እሱን ከፊት ለፊቱ አርጊልኝ። ደግሞ ጎላ አድርጊው፣ ዓይኔ ደክሟል።"

እሳቸው "የሰማዩ ነገር" ያሉትን እኛ ዊጀት እንለዋለን። ስልኩ ሲከፈት ፊቱ ላይ ተለጥፎ የሚታይ ትንሽ ሰሌዳ ነው፤ ሰዓት ሊሆን ይችላል፣ ቀን መቁጠሪያ ሊሆን ይችላል፣ እንደ እሳቸው ፍላጎት ደግሞ የአየር ሁኔታ። መጨመሩ ቀላል ነው። የስልኩ ፊት ላይ ባዶ ቦታ ፈልጎ ጣትን ጫን አድርጎ መያዝ፣ ከሚመጣው ዝርዝር ውስጥ የአየር ሁኔታውን መምረጥ፣ ከዚያም ወደ ፈለጉት ቦታ ጎትቶ ማስቀመጥ ነው። ዋናው ሥራ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። የየትኛውን አገር ሰማይ እንደሚያሳይ መንገር፣ ቋንቋውን ማስተካከል፣ በየስንት ሰዓቱ እንደሚታደስ መወሰን ያስፈልጋል።

እኔ ዋናውን ሥራ አልሠራሁም።

ከአባባ ባዩ ኋላ ስድስት ሰባት ሰው ቆሟል። የሱቁ ባለቤት ደረጄ ከውስጥ ሆኖ "ሠርካለም፣ ቶሎ ቶሎ በይ እንጂ!" ይለኛል። ሰሌዳውን ጎትቼ አስቀመጥኩት። የአምስት ቀኑን የሚያሳየውን ትልቁን መረጥኩ። ስልኩ "ያለህበትን ቦታ ልወቅ?" ብሎ ሲጠይቀኝ "አይሆንም" የሚለውን ነካሁ፤ "እሺ" ብል ሌላ ገጽ ይከፍትብኛል ብዬ። ሥዕሎቹ እንዲጎሉ ደግሞ ከሥራቸው ያሉትን ደቃቅ ጽሑፎች አጠፋኋቸው። ካጠፋኋቸው ጽሑፎች አንዱ የከተማው ስም ነበር።

ጽሑፉ ቢኖርም በእንግሊዝኛ ነበርና አያነቡትም ነበር። አባባ ባዩ ግን መሃይም አይደሉም። ዳዊት ደጋሚ ናቸው፤ የአገራቸውን ፊደል ከእኔ በተሻለ ያነባሉ። ቋንቋውን ወደ አማርኛ መቀየር የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው። እሱንም አላደረግሁላቸውም።

ስልኩ የልጃቸውን ከተማ አልረሳም ነበር። ያሳይ የነበረው የአዲስ አበባን ሰማይ ነው። እኔ ግን የሥዕሉን ማማር እንጂ የማንን ሰማይ እንደሚያሳይ አላየሁም።

"ይኸው አባባ" አልኳቸው። "የመጀመሪያው የዛሬ ነው፤ ቀጥሎ ያለው የነገ፤ እንዲህ እያለ እስከ አምስት ቀን ይሄዳል። ደመናና ጠብታ ካዩ ዝናብ ነው።"

ስልኩን ራቅ አድርገው ይዘው አዩትና ፈገግ አሉ። "አምስቱም ፀሐይ ነው።" ከዚያ አንድ ነገር ጠየቁኝ። "ይኼ የእኛ አገር ሰማይ ነው?"

"አዎ፣ የእናንተው ነው" አልኩ። የሚቀጥለውን ሰው ስልክ እየተቀበልኩ ስለነበር ቀና ብዬም አላየኋቸው።

"እጅሽ ይባረክ ልጄ" ብለውኝ ወጡ።

ከዚያ በኋላ መንደራቸው ውስጥ የሆነውን የሰማሁት ከራሳቸውና ከባለቤታቸው ከእማማ ጥሩወርቅ አፍ ነው።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት አዲስ አበባም ጉናም ሰማዩ ጥርት ያለ ስለነበር ሥዕሉና እውነቱ ገጠሙ። መንደሩ ስልኩን አመነው። ወደ እርሻ የሚወርድ ሰው በባዩ ደጅ ጎራ እያለ "አያ ባዩ፣ ዛሬስ ምን አለ?" ይላል። እሳቸውም ሥራቸውን ትተው ያሳዩታል። እንደ ጨዋታ የተጀመረው ልማድ ሆነ።

ኅዳር ሚካኤል ባለፈ በሁለተኛው ቀን የመንደሩ ሰው የየሺን ገብስ ሊያጭድ በደቦ ወጣ። የሺ ባሏ የሞተባት፣ ሦስት ልጆች ብቻዋን የምታሳድግ ሴት ናት። በመንደሩ ደንብ አዝመራ ሲደርስ ረዳት የሌለው ሰው ይቀድማል። በዚያ አገር የታጨደ ገብስ ሜዳ ላይ አያድርም። ነዶው ተሰብስቦ ይከመራል፤ በወግ የተከመረ ክምር ዝናብ ቢመጣ ውኃውን ወደ ውጭ እያፈሰሰ ይቆያል። መከመር ግን ጊዜና ጉልበት ይፈልጋል።

ፀሐይ ዘወር ስትል ይርጋ የሚባሉ ሽማግሌ ወደ ጉና አንጋጠው ቆዩና "ይኼ ነፋስ አላማረኝም" አሉ። "ያጨድነውን እንከምር። የቀረው ነገ ይደርሳል።"

ከጎልማሶቹ አንዱ ማጭዱን ትከሻው ላይ አድርጎ ሳቀ። "አያ ባዩ፣ ስልኩ ምን ይላል?"

አባባ ባዩ አወጡና አዩት። "አምስት ፀሐይ ነው የሚለው።"

"እንግዲያማ ምን ያስከምረናል! ዛሬና ነገ ገብሳቸው የደረሰውን የአምስቱንም ቤት አጭደን እንጨርስ። ነዶው ባለበት ይድረቅና ከነገ ወዲያ ባንድ ላይ እንከምረዋለን።"

አቶ ይርጋ ወደ ባዩ ዞሩ። "አንተስ? አንተም እኮ ይኼን ሰማይ ታውቀዋለህ።"

"አውቀዋለሁ" አሉ አባባ ባዩ። "ግን እሱ ከላይ ሆኖ ነው የሚያየው ይላሉ። ከሥር ሆኜ ከማየው ከእኔ እሱ ሳይሻል አይቀርም።"

የየሺ፣ የባዩና የሌሎች ሦስት ቤቶች ገብስ በሁለት ቀን ታጭዶ መሬት ላይ ተኛ። በሦስተኛው ቀን ማለዳ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ወረደ። ሰው ሸራም፣ ቆዳም፣ ያገኘውን ሁሉ ይዞ ወደ ማሳው ሮጠ። ያዳነው ጥቂት ነው። ዝናቡ ሦስት ቀን አላባራም። ሰማዩ ሲገለጥ ነዶው ውኃ ጠጥቶ ጠቁሯል፤ ሳምንት ሳይሞላውም ፍሬው ዛላው ላይ እንዳለ ማቆጥቆጥ ጀመረ። እንዲህ የሆነ ገብስ ለዘር አይሆን፣ ለቆሎ አይሆን። ብቅል ይሆነናል ብለው ያሰጡትም ሻገተባቸው።

አባባ ባዩን ማንም አልሰደባቸውም። ስም ግን ወጣላቸው። "አምስት ፀሐይ" ተባሉ። መጀመሪያ ከኋላቸው በሹክሹክታ ይባል ነበር፤ በኋላ ፊት ለፊት ሆነ። "አምስት ፀሐይ መጣ"፣ "አምስት ፀሐይን ጠይቁት።" ዕድሜያቸውን ሙሉ በቃላቸው የተከበሩ ሰው በአንድ ሳምንት መሣቂያ ሆኑ።

እኔ ከዚህ ሁሉ አንዱንም አላወቅሁም። ኅዳር ሃያ አራት ቀን ሱቁ ጭር ባለበት ሰዓት አባባ ባዩ ተመልሰው መጡ። መጀመሪያ ሳያቸው ታመው የተነሡ መሰለኝ።

"ታስታውሽኝ እንደሁ ልጄ" አሉ። "አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት። እኔ ሥዕሉን ማንበብ አልቻልኩም ይሆን? ፀሐይ ማለት ፀሐይ ማለት አይደለም?"

የሆነውን ሁሉ ነገሩኝ። ቁጣ የለባቸውም። እንደ ተማሪ ነው የሚጠይቁኝ፤ ስህተታቸው የት ላይ እንደሆነ እንዳሳያቸው። ስልኩን ተቀበልኩና ያን ቀን ያጠፋሁትን ጽሑፍ መለስኩት። አዲስ አበባ ይላል።

"ይኼ የእኛ አገር ሰማይ ነው?" ብለው መጠየቃቸው ትዝ አለኝ። መልሴም ትዝ አለኝ።

ሱቁ ውስጥ ሌላ ደንበኛ አልነበረም። ከኋላ የሚጋፋም የሚያጣድፍም የለም። እውነቱን ለመናገር የሚያስፈልገኝ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበር፤ "አባባ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው" ማለት። አፌን ከፍቼ የወጣው ግን ይህ ነው፦

"አልታደሰም ነበር አባባ። ስልኩ በየጊዜው መታደስ አለበት። አሁን አድሼዋለሁ።"

ይህን እያልኩ ቦታውን ወደ እሳቸው አገር፣ ቋንቋውን ወደ አማርኛ ቀየርኩት። በጥቅምት ያልተገኘው ጊዜ ያን ዕለት ለመደበቂያ ተገኘ።

አባባ ባዩ ራሳቸውን ቀስ ብለው ነቀነቁ። "አሃ፣ ማደስ ነበረብኝ" አሉ። "እንግዲህ ጥፋቱ የእኔ ነዋ።"

እኔም ዝም አልኩ።

"የሺን እንዴት ብዬ ዓይኗን ልይ" አሉ ለራሳቸው እንደሚናገር ሰው፤ ስልካቸውን በመሐረባቸው ጠቅልለው አመስግነውኝ ወጡ። አመስግነውኝ!

ደረጄ ከውስጥ ብቅ ብሎ "ምን ሆነሻል? ፊትሽ አመድ መስሏል" አለኝ። ነገርኩት። አዳመጠኝና ትከሻውን ነቀነቀ።

"አንቺ ምን አገባሽ? ዝናቡን አንቺ አላዘነብሽው። ትንበያ እንደሆነ ትንበያ ነው፤ ቦታው ትክክል ቢሆንም ኖሮ ሊስት ይችል ነበር። አሁን አስተካክለሽለታል፤ አበቃ። እንዲህ ያለ ወሬ ገበያ ውስጥ ከገባ ማን ስልኩን ለእኛ ይሰጣል?"

ላምነው ፈለግሁ። "ሊስት ይችል ነበር" የምትለዋን ቃል ይዤ ቤቴ ገባሁ። በር ላይ እንደደረስኩ የልብስ ማስጫውን ገመድ አየሁ። ዝናቡ ከመጣበት ቀን በፊት በነበረው ምሽት የራሴ ስልክ የደብረ ታቦርን ሰማይ ጠብታ በጠብታ አድርጎ አሳይቶኝ ነበር። አይቼው ያጠብኩትን ልብስ ከገመድ ላይ ሰብስቤ አስገብቻለሁ። ትንበያው አልሳተም ነበር። እኔ ሁለት ቀሚስና አንድ አንሶላ ከዝናብ ሳድን፣ የሺ የልጆቿን የዓመት ቀለብ ሜዳ ላይ አስጥታ ተኝታለች፤ እኔ በሰጠሁት ቃል።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥራ አስጠላኝ። ሰው የአየር ሁኔታ ጨምሪልኝ ሲለኝ የቦታውን ስም ሦስት ጊዜ አነባለሁ። እንጀራ ስቆርስ የሺ ትመጣብኛለች፤ መልኳን አላውቀው፣ ግን ትመጣብኛለች።

በታኅሣሥ መጀመሪያ አንድ ቅዳሜ እማማ ጥሩወርቅ ወደ ሱቁ መጡ። ማንነታቸውን ያወቅሁት ከመሐረቡ ውስጥ ስልኩን ሲያወጡ ነው።

"ይኼን ወስደሽ ባለ ቁልፍ ስልክ ለውጭልን" አሉ። "ባለቤቴ ዓይኑ እንዲያየው አይፈልግም። ሳጥን ውስጥ ቆልፎበት ልጃችን ስትደውል እንኳ አያነሣም።"

"ለምን እማማ?" አልኩ፤ እያወቅሁ።

"ማደስ ረስቼ ሰው አስራብኩ ይላል። የዘር ገብሳችንን ገምሶ ለየሺ ሰጣት፤ እሱስ ደግ አደረገ። ግን ማኅበር ቀረ። ቤተ ክርስቲያን ቢሄድም ሰው ሳይነሣ ቀድሞ ነው የሚወጣ። አንድ ሰው እንዲያው ማደስ ቢረሳ እንዲህ ይቀጣል ልጄ?"

ማደስ ረስቼ! ያቺ ቃል የእኔ ውሸት ናት። ከአፌ ወጥታ እሳቸው ቤት ገብታ፣ እህል እንዳይበሉ፣ እንቅልፍ እንዳይተኙ እያደረገች ነው።

"ስልኩን ለጊዜው አይለውጡት እማማ" ከማለት በቀር ምንም አላልኩም። ደግሜ ዝም አልኩ። ይህን ስናገር አፍራለሁ፤ ግን የሆነው እንዲህ ነው።

በማግሥቱ እሑድ የንስሐ አባቴ መምሬ ዓለምነው ዘንድ ሄድኩ። እያለቀስኩ ሁሉንም ዘርዝሬ ነገርኳቸው። አቋርጠውኝ አያውቁም፤ ያን ቀንም አላቋረጡኝም። ስጨርስ እንዲህ አሉኝ፦

"ለእኔ መንገርሽ መልካም ነው። ሰውየው የተሸከመው ሸክም ግን የእኔ አይደለም፤ ያንቺ ነው። እኔ ጋ ብታራግፊው ከእሱ ጫንቃ ላይ አይወርድም። ሂጂና አውርጂለት።"

"ሕዝብ ፊት አባ? ቢያባርሩኝስ?"

"ያባርሩሽ። ስሙ የጠፋው ሕዝብ ፊት አይደለም? ጓዳ ገብተሽ ብትነግሪው እሱ ብቻ ያውቃል፤ መንደሩ ግን ያው አምስት ፀሐይ እያለ ይኖራል።"

ታኅሣሥ ሚካኤልን ጠብቄ ሄድኩ። ለደረጄ ስነግረው ተቆጣ፤ መሄዴን እንደማልተው ሲያይ "እንግዲያው የሱቁን ስም እንዳታነሺ" አለኝ። በሚኒባስ እስከ ገሳይ፣ ከዚያ በእግሬ ከአንድ ሰዓት በላይ። መንገዱ ግራና ቀኙ የታጨደ ማሳ ነው። አንዳንዱ ላይ ጥሩ ጥሩ ክምር ቆሟል፤ አንዳንዱ ላይ ደግሞ የጠቆረ ነዶ እንደወደቀ ቀርቷል። ከብት እንኳ አፍንጫውን አስጠግቶ ይተወዋል። የትኛው የማን እንደሆነ ጠይቄ ማወቅ አላስፈለገኝም።

ቅዳሴው አልቆ ሰው በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ተቀምጧል። እማማ ጥሩወርቅን አገኘኋቸውና "ለሁሉም የምናገረው አለኝ" አልኳቸው። ግራ ገብቷቸው ወደ አቶ ይርጋ ወሰዱኝ፤ አቶ ይርጋም ሰዉን ዝም አሰኙልኝ። አባባ ባዩ ሊወጡ በሩ ጋ ደርሰው ነበር። ሲያዩኝ ቆሙ።

ተናገርኩ። "እኔ ደብረ ታቦር ስልክ የምሠራ ነኝ። አባባ ባዩ ስልክ ላይ ያንን ሰሌዳ ያደረግሁት እኔ ነኝ። የእናንተን አገር ሰማይ እንዲያሳይ ማድረግ ሲገባኝ ቸኩዬ ሳላየው ቀረሁ። የእኛ አገር ሰማይ ነው ወይ ብለው ጠይቀውኝ ነበር፤ አዎ ብዬ ዋሸኋቸው። እሳቸው በትክክል ነው ያነበቡት። ምንም የረሱት ነገር የለም። ማደስ ነበረብዎ ያልኳቸውም ራሴን ለማዳን ነው።"

አቶ ይርጋ በበትራቸው ተደግፈው "ታዲያ ያ ፀሐይ የት ያለ ፀሐይ ነው?" ሲሉ ጠየቁ።

"የአዲስ አበባ ነው አባቴ።"

አንድ ሁለት ሰው ፈገግ ሊል ከጀለው፤ ከሴቶቹ ወገን አንዲት መልከ ደማም፣ ገና ወጣት የሆነች ሴት ስትነሣ ግን ሁሉም ፈገግታውን ዋጠ። የሺ ናት። በሐሳቤ የሳልኳት አሮጊት አድርጌ ነበር። በዕድሜ እኩያዬ ናት።

"እህቴ" አለችኝ፣ "መምጣትሽን አልጠላሁትም። ግን ልጆቼ ገብስ እንጂ ይቅርታ አይበሉም።" ይህን ብላ ተቀመጠች።

አባባ ባዩ ከበሩ ተመልሰው ፊቴ ቆሙ። ለመጀመሪያ ጊዜ ቁጣ አየሁባቸው።

"ያን ቅዳሜ መቸኮልሽ ይገባኛል" አሉ። "ሰው በዝቶብሽ ነበር። እኔም ይርጋ እያስጠነቀቀኝ ዓይኔን ትቼ ሥዕል ማመኔ ጥፋት ነው፤ አልክድም። ግን ሁለተኛ ስመጣ ብቻችንን ነበርን። ማንም አላስቸኮለሽም። ጥፋቱ የእኔ ነዋ ስልሽ ሰምተሽኛል። ሰምተሽ ዝም አልሽ። ልጄ፣ ገብሱን ዝናም ወሰደው። እኔን ግን አንቺ ነሽ የወሰድሽኝ።"

እግራቸው ላይ ወደቅሁ። ቶሎ አላነሡኝም። በኋላ ክንዴን ይዘው አቆሙኝና "ሚካኤል ደጅ ቂም አልይዝም፤ ይቅር ይበልሽ" አሉ። ድምፃቸው ግን ገና አልለሰለሰም ነበር።

ከዚያ አቶ ይርጋ ወደ ሰዉ ዞሩ። "እሷስ ጥፋቷን አምና መጣች። እኛስ? በዚህ ሰው ላይ ስም ያወጣን እኛ ማን ዘንድ ሄደን እንናዘዝ? ፀሐይ ሲወጣ ያያ ባዩ ስልክ፣ ዝናም ሲመጣ ያያ ባዩ ጥፋት!" አሉና ቀድመው ሄደው አባባ ባዩን ትከሻቸውን ሳሙ። ያ ማጭዱን ተሸክሞ የሳቀው ጎልማሳ ተከተለ። ከዚያ ሌላው። እማማ ጥሩወርቅ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ አድርገው ያለቅሱ ነበር።

እንግዲህ የቀረውን ባጭሩ ልንገራችሁ። እኔና በሰፈሩ ስልክ የሚሠሩ ጓደኞቼ ለየሺ ዘርና ቀለብ አዋጥተን አድርሰናል፤ የጠፋባትን ሁሉ ይተካል ብዬ ግን አልዋሽም። ከዚያ ወዲህ በየወሩ ሚካኤል እዚያ እሄዳለሁ። ስልክ ያለው ስልኩን ያመጣል፤ እኔም ለራሳቸው እያስያዝኩ አሳያቸዋለሁ። የቦታው ስም በአማርኛ ይጻፋል፤ መቼ እንደታደሰም ከሥሩ ይታያል። ስልኩ የሚያሳየው ግምት እንደሆነ፣ ለአዝመራ ሲሆን ሰማዩንም ሽማግሌውንም መጠየቅ እንደሚገባ እነግራቸዋለሁ። አባባ ባዩ ይመጣሉ። እንደ ድሮው "እጅሽ ይባረክ" አይሉኝም፤ እኔም አልጠብቅም። ባለፈው ጊዜ ግን ጎኔ መጥተው ቁጭ ብለው ለአንዲት አሮጊት የቦታውን ስም በጣታቸው እያሳዩ "መጀመሪያ ይቺን አንብቢ" ሲሏት ሰማሁ።

እናንተ ስልክ የምትሠሩ፣ ቢሮ ተቀምጣችሁ ለሰው ፎርም የምትሞሉ፣ መድኃኒት ላይ አወሳሰዱን የምትጽፉ ወገኖቼ፤ የማያውቅ ሰው "ትክክል ነው?" ብሎ ሲጠይቃችሁ ቀና ብላችሁ ፊቱን እዩት፤ ከዚያ በኋላ መልሱለት። ለእናንተ አንዲት ደቂቃ የሆነች ነገር ለእሱ የዓመት ቀለቡ ልትሆን ትችላለች። መሳሳት አይቀርም። ስትሳሳቱ ግን ሰውየው ከደጃችሁ ሳይወጣ ንገሩት። በነጋታው መናገሩ ይከብዳል፤ በሳምንቱ ደግሞ እውነቱን ለማውጣት አንድ መንደር ሰው ፊት መቆም ያስፈልጋችኋል።

እኔ አሥራ ስምንት ቀን ዘግይቻለሁ። አሥራ ስምንት ቀን ሙሉ አንድ ጨዋ ሰው ባላጠፉት ጥፋት አንገታቸውን ደፍተው ከገዛ ጎረቤቶቻቸው ሲሸሹ ከርመዋል። ገብስ በሌላ ዓመት ይበቅላል። እነዚያን ቀናት ግን ከየት አምጥቼ እመልስላቸዋለሁ?